ወደ ቼሪ አገር ያደረግነው ጉዞና ፍሬው ለጤና የሚሰጠው ጥቅም

የሰው ልጅ ከሚመገበው ነገር ሁሉ እንደ ዛፍ ፍሬ ዐይንን የሚያስደስት፣ አፍን የሚያጣፍጥ፣ ለሆድም የማይከብድ መብል ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ፍሬን ለደስታና ለጤና መብላት አንድ ነገር ነው፤ ፍሬን ተማምኖ ሐኪምን መተው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የእነዚህን የሁለቱን ልዩነት እኛ ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በመንገድ ላይ ሳለን በገዛ ቤተ ሰባችን ደርሶ ስላየነው፣ ለአንባቢዎቻችንም ቤት ይጠቅም ይሆናል ብለን ይህን ጽሑፍ አቅርበናል።

በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን አገልግለው በጡረታ ያረፉ አንድ አጎት አሉን። እኒህ አጎታችን ማዕዳቸው ለወዳጅ የሰፋ፣ አንደበታቸው ለጨዋታ የጣፈጠ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ከብዙ ዓመት ጀምሮ የሪሕ በሽታ ያሠቃያቸዋል። በአገራችን ሪሕ የሚለው ስም ለብዙ ዓይነት የመገጣጠሚያ ሕመም ይነገራል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ግን ብዙውን ጊዜ በሌሊት ድንገት የሚነሣውን፣ የእግርን አውራ ጣት አሳብጦ አንሶላ እንኳ ሲነካው የሚያስጮኸውን ነው። አውሮፓውያን ይህን በሽታ የነገሥታትና የመኳንንት በሽታ ይሉት ነበር፤ ሥጋና መጠጥ የማይቸግረውን ሰው አብዝቶ ይጎበኛልና። በእኛም አገር ቢሆን ጥሬ ሥጋውና ጠጁ የሚበዛበትን ቤት መንገዱን አይስትም።

የአጎታችን ልጅ ዲትሮይት በሚባለው የአሜሪካ ከተማ ኑሮዋን ከመሠረተች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ክረምት መግቢያ በስልክ ስታነጋግራቸው፣ «አባዬ፣ እኛ ባለንበት በሚሺጋን ክፍለ ግዛት በስተ ሰሜን ቼሪ የሚባል ቀይ ፍሬ ይለማል፤ ሪሕ ያለባቸው ሰዎች ይረዳናል እያሉ ይበሉታል። በሐምሌ ይምጡና አብረን ሄደን እንየው» አለቻቸው። እሳቸውም ስቀው፣ «የማይመርር መድኃኒት ከተገኘስ እስከ ዓለም ዳርቻ ይኬዳል» ብለው ተነሡ። እኛም አብረናቸው እንድንሄድ ስለ ጠየቁን እሺ ብለን ተከተልናቸው።

አዲስ አበባን የለቀቅነው ዝናሙ ሳያቋርጥ በሚወርድበት ሰሞን ነበር። ዲትሮይት ስንደርስ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩም የበረታ ሆኖ አገኘነው፤ በዚያ አገር ሐምሌ ማለት የበጋው እምብርት ነውና። አንድ ቀን ካረፍን በኋላ በአውቶሞቢል ወደ ሰሜን ምዕራብ ተጓዝን። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አራት ሰዓት ይፈጃል። በመጀመሪያ የበቆሎ እርሻ የሞላበት ለጥ ያለ ሜዳ ነበር፤ ወደ ሰሜን በሄድን ቍጥር ግን ኮረብታው እየበዛ፣ የጥድ ዱር እየጠቈረ ሄደ። በመጨረሻም አንድ ዳገት ወጥተን ቍልቍል ስንመለከት ከሰማይ ይልቅ ሰማያዊ የሆነ ውኃ በፊታችን ተዘረጋ።

ይህ የሚሺጋን ሐይቅ ነው። ሐይቅ ይባል እንጂ ወዲያ ማዶው አይታይም፤ ስፋቱ 58,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የእኛን ጣና ከ15 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ውኃው እንደ ባሕር ውኃ ጨው ያለበት አይደለም፤ የሚጠጣ ጣፋጭ ውኃ ነው። ከሐይቁ አንዱ ክንድ ወደ የብስ ገብቶ ግራንድ ትራቨርስ የሚባለውን ሰርጥ ሠርቷል፤ በሰርጡም ራስጌ ትራቨርስ ሲቲ የምትባል ከተማ ተቀምጣለች። የቼሪ አገር ዋና ከተማ ብለው የሚጠሯት ይህችን ነው። ከከተማይቱም ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን ምድር ውኃውን ለሁለት ከፍሎ ይሄዳል፤ ስሙም ኦልድ ሚሽን ይባላል፤ የጥንቱ ሚሲዮን ማለት ነው። በጫፉ በ1870 ዓ.ም. የተሠራ የመርከብ መብራት ቤት አለ፤ (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከመብራቱ ቤት አጠገብም 45ኛው የኬክሮስ መስመር ያልፋል፤ ይኸውም ከምድር ወገብና ከሰሜን ዋልታ መካከል እኩሌታው ነው።

እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ፣ ይህን ያህል ብርድ ባለበት አገር ይህን የመሰለ ለስላሳ ፍሬ እንደምን ይበቅላል የሚል ነው። መልሱ በሐይቁ ውስጥ ነው። ትልቅ ውኃ ቶሎ አይሞቅም፤ ቶሎም አይበርድም። በክረምቱ ማለቂያ ምድር መሞቅ ስትጀምር ከሐይቁ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ ነፋስ ዛፎቹ ቶሎ እንዳያብቡ ያግዳቸዋል፤ ስለዚህ አበባው ከብርዱ ካመለጠ በኋላ ይፈነዳል። በመከር ጊዜ ደግሞ ሐይቁ በበጋ ያጠራቀመውን ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚሰጥ ውርጩ ይዘገያል። በዚህም ላይ ቼሪ ብርድን የሚሸሽ ብቻ ሳይሆን ብርድን የሚፈልግ ዛፍ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ተኝቶ፣ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች በሆነ አየር 1,000 ሰዓት ያህል ካላሳለፈ በደንብ አያብብም።

የፍሬው ታሪክ ግን ከሚሺጋን ብዙ ይርቃል። ፕሊኒ የሚባለው የሮም ጸሐፊ እንደ ተረከው፣ ሉኩሉስ የተባለው የጦር አለቃ የጰንጦስን ንጉሥ ሚትሪዳጥስን ድል ካደረገ በኋላ የቼሪን ዛፍ ወደ ሮም አገባ። በጥቍር ባሕር ዳር የነበረችው ኬራሱስ የምትባለው ከተማ ስሟ ከዚህ ፍሬ ጋር ይያያዛል፤ ፈረንሳዮች ሰሪዝ፣ እንግሊዞች ቼሪ የሚሉት ከዚሁ ስም የመጣ ነው። ከተማይቱ ዛሬ በቱርክ አገር ጊሬሱን ትባላለች። ወደ ሰሜን ሚሺጋን ያደረሰው ደግሞ ፒተር ዶዬርቲ የሚባል ሚሲዮናዊ ነው። ይህ ሰው በ1839 ዓ.ም. ወደዚያ መጥቶ ኦጂብዌና ኦዳዋ በሚባሉት የአገሩ ተወላጆች መካከል ተቀመጠ፤ በ1852 ዓ.ም. በኦልድ ሚሽን የቼሪ ዛፎች ተከለ። ዛፎቹም ከተጠበቀው በላይ ፋፉ። በ1893 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ ለንግድ የሚሆን የመጀመሪያው ሰፊ ተክል ተተከለ። በ1925 ዓ.ም. አበባውን የመባረክ በዓል ተጀመረ፤ በ1931 ዓ.ም.ም የአገር አቀፍ በዓል ስም ተሰጠው። ዛሬ በየዓመቱ በሐምሌ ወር ይከበራል።

እኛም ከሐይቁ ዳር አንዲት ትንሽ ቤት ተከራይተን በማግሥቱ ወደ አንድ ባለ ርስት ተክል ሄድን። የቼሪ ዛፍ ብዙ የማይረዝም፣ ቅጠሉ የሚያብለጨልጭ፣ ግንዱም የጠቈረ ነው። ፍሬው የጣት ጫፍ ያህል ሆኖ በረጅም ዘንግ ሁለት ሁለት እየሆነ ይንጠለጠላል፤ በውስጡም እንደ ኮክ ያለ አንድ ጠንካራ ፍሬ ነገር አለው። ኮክና ቼሪ በእውነት የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። ቼሪ ሁለት ዋና ዓይነት ነው፤ አንደኛው ጣፋጩ፣ ሁለተኛው ኮምጣጣው ይባላል። ጣፋጩ እንደ ተለቀመ ይበላል። ኮምጣጣው ሞንሞራንሲ የሚባለው ሲሆን ስሙን ያገኘው በፓሪስ አጠገብ ካለ ሸለቆ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በጭማቂ፣ በደረቅ ፍሬና በዳቦ ውስጥ ተጋግሮ ይበላል። በአሜሪካ ከሚለቀመው ኮምጣጣ ቼሪ ከመቶው 70 የሚያህለው ከዚሁ ከሚሺጋን ይወጣል።

የአዝመራውን አሰባሰብ ባየን ጊዜ እጅግ ተገረምን። ቀድሞ ብዙ ሠራተኛ መሰላል ላይ ወጥቶ በእጁ ይለቅም ነበር። ዛሬ ግን አንድ መኪና ወደ ዛፉ ይጠጋና የብረት ክንዱን ዘርግቶ ግንዱን ያቅፋል፤ በዛፉም ሥር ሰፊ ሸራ ይዘረጋል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ሴኮንድ ሲነቀንቀው ፍሬው ሁሉ እንደ ቀይ በረዶ ይወርዳል። ወዲያውም ቀዝቃዛ ውኃ ወደ ሞላበት ጋን ይገባል፤ ኮምጣጣ ቼሪ ለስላሳ ስለሆነ ካልቀዘቀዘ ቶሎ ይበላሻልና። አጎታችን ይህን አይተው፣ «እኛ ጤፍ ወቅተን ነፋስ እስኪመጣ ስንጠብቅ እነዚህ ዛፍ ነቅንቀው ይሄዳሉ» አሉ።

የተክሉ ባለቤት በዕድሜ የገፉ፣ ቃላቸው የተመጠነ ሰው ነበሩ። ሀብቱ ብዙ እንደ ሆነ ስናደንቅላቸው ራሳቸውን ነቀነቁና የ2012 ዓ.ም.ን ነገር አጫወቱን። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር ያለ ጊዜው የበጋ ያህል ሙቀት መጣ፤ ሐይቁም ሊያግደው አልቻለም። ዛፎቹ ተታልለው እንቡጥ አወጡ፤ በሚያዝያም ውርጩ ተመልሶ ሌሊት በሌሊት እየወረደ አቃጠላቸው። በዚያ ዓመት ከሚሺጋን ኮምጣጣ ቼሪ ከመቶው 90 የሚያህለው ጠፋ። «ዛፉ ማሞቂያ ጊዜ ሳይደርስ ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ያወለቀ ሰው መሰለ» አሉ። ይህን ቃል በዚያ ቀን እንደ ጨዋታ ሰማነው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን በአጎታችን ላይ ሲፈጸም አየነው።

ወደ ማረፊያችን ስንመለስ በመንገድ ዳር ፍሬና ጭማቂ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አገኘን። የአጎታችንን አረማመድ አየና ሪሕ እንዳለባቸው ገመተ፤ ከዚያም አንድ ጠርሙስ ቀይ ሽሮፕ አንሥቶ፣ ይህን የጠጣ ሰው ክኒን አያስፈልገውም እያለ ምስክርነቱን አበዛ። ልጃቸው ቃሉን ስትተረጕምላቸው እኛ በሳቅ አለፍነው። እሳቸው ግን በልባቸው አኖሩት። ጠርሙሱን ገዙ፤ በየቀኑም ጧትና ማታ ከፍሬው ጋር ይጠጡ ጀመር። ሐኪማቸው አዲስ አበባ ያዘዙላቸውን አሎፑሪኖል የሚባለውን ክኒን ግን ለማንም ሳይነግሩ በሻንጣቸው ውስጥ ዘግተው አስቀመጡት። እኛም በደስታቸው ተደስተን ማታ ማታ የተጠበሰ ሥጋ ሲጨምሩ አንዳች አልተናገርንም፤ ይህ የእኛም ጥፋት ነው።

በዘጠነኛው ሌሊት ከአጎታችን ክፍል የጩኸት ድምፅ ሰማን። መብራት አብርተን ብንገባ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል፤ አውራ ጣታቸው እንደ ቼሪው ቀልቶ አብጧል። ልጃቸው አጠገባቸው ተንበርክካ፣ «አባዬ፣ ክኒንዎን ውጠዋል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ አንቺ ስንት ባሕር አሻግረሽ ያመጣሽኝ ለፍሬው ነው፤ ፍሬው ካዳነኝ ደስታሽ ይበልጥ ብዬ ተውኩት» አሏት። እርሷም ይህን ስትሰማ አለቀሰች፤ እሳቸውም ከሕመማቸው ይልቅ ልቅሶዋ ከበዳቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶቻችን ተረት መድኃኒቱን ለሚደብቅም እንደሚሠራ ያን ሌሊት ተረዳነው።

ሲነጋ በከተማይቱ ወደምትገኝ አንዲት ሐኪም ወሰድናቸው። ሐኪሟም እግራቸውን መርምራ እብጠቱን የሚያበርድ መድኃኒት ሰጠቻቸው፤ ከዚያም አልተቈጣችም፤ ወንበሯን አስጠግታ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቻቸው። ሥጋ፣ ይልቁንም ጉበትና ኩላሊትን የመሰለው የሆድ ዕቃ፣ እንዲሁም መጠጥ በሰውነት ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚባለውን ነገር ያበዛሉ። ኩላሊት ይህን አጣርቶ ከሽንት ጋር ያወጣዋል፤ ከልክ ሲያልፍበት ግን በደም ውስጥ ይከማችና በመገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ የሾለ ጠጠር ይሠራል። ሕመሙ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ክኒኑ ዩሪክ አሲዱ እንዳይበዛ ከምንጩ ይከለክላል፤ በተወ ጊዜ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመልሶ ይነሣል። የነጋዴው ሽሮፕ ደግሞ ብዙ ስኳር የተጨመረበት ነበር፤ እንዲህ ያለው የጣፋጭ ስኳር ራሱ ዩሪክ አሲድን እንደሚጨምር የታወቀ ነው። ስለዚህ አጎታችን እሳቱን ውኃ ነው ብለው በዘይት ሲያርሱት ሰንብተዋል።

«እንኪያስ የቼሪ ነገር ውሸት ነው?» ብለው አጎታችን ጠየቁ። ሐኪሟም ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን እውነቱ ልክ አለው ብላ የሊቃውንቱን ምርመራ በተራ ነገረቻቸው። እኛም በኋላ መጻሕፍቱን አገላብጠን እንዳረጋገጥነው ነገሩ እንደሚከተለው ነው።

በ1950 ዓ.ም. ሉድቪግ ብላው የሚባል ራሱ በሪሕ ይሠቃይ የነበረ ሰው፣ በቀን 225 ግራም ያህል ቼሪ የበሉ 12 በሽተኞች እንደ ተሻላቸው ጻፈ። ይህ ግን የጥቂት ሰዎች ምስክርነት እንጂ ሙሉ ማስረጃ አልነበረም። በ2003 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ 10 ጤነኛ ሴቶች 280 ግራም ጣፋጭ ቼሪ በልተው ደማቸው ቢመረመር፣ ከአምስት ሰዓት በኋላ ዩሪክ አሲዱ ቀንሶ ተገኘ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት 633 የሪሕ በሽተኞችን ተከታትለው፣ ባለፉት ሁለት ቀናት ቼሪ የበሉት ካልበሉት ይልቅ የበሽታው መነሣት ከመቶ 35 እንደሚያንስባቸው አዩ። ከዚህም የሚበልጠው ነገር፣ ቼሪውን ከአሎፑሪኖል ጋር የወሰዱት ሁለቱንም ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ ከመቶ 75 ማነሱ ነው። እንግዲህ ፍሬውና ክኒኑ ተቀናቃኞች ሳይሆኑ ባልንጀሮች ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ዳሩ ግን ይህም ቢሆን የተከታተሉት ነገር እንጂ በፈተና የተረጋገጠ አይደለም። በ2020 ዓ.ም. በኒው ዚላንድ 50 የሪሕ በሽተኞች ለ28 ቀን የወፈረ የኮምጣጣ ቼሪ ጭማቂ በልዩ ልዩ መጠን እየተሰጣቸው ቢፈተኑ፣ በደማቸው ያለው ዩሪክ አሲድ አልቀነሰም። ሐኪሟ ይህን ከነገረቻቸው በኋላ፣ «ፍሬውን ይብሉ፤ ክኒኑንም አይተዉ፤ ሁለቱን የሚያጣላ ሰው ካገኙ ግን ሊሸጥልዎ የሚፈልገው ነገር አለ ማለት ነው» አለቻቸው።

ይህ ምክር በመንግሥት ደረጃም የተነገረ ነው። በ2005 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ የቼሪ ውጤታቸው በሽታ እንደሚፈውስ እያስታወቁ ለሚሸጡ 29 ድርጅቶች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል። መብልን መድኃኒት ነው ብሎ ለመሸጥ የመድኃኒት ያህል ማስረጃ ያስፈልጋልና።

ከሪሕ ሌላም ፍሬው የሚመሰገንበት ነገር አለ። መልኩን የሚያቀላው አንቶሲያኒን የሚባለው ቀለም በሰውነት ውስጥ እብጠትንና ቍጣን ለማብረድ እንደሚረዳ ሊቃውንት ይናገራሉ። በ100 ግራም ጣፋጭ ቼሪ 63 ካሎሪ፣ 2 ግራም ያህል አሰር፣ 7 ሚሊ ግራም ቪታሚን ሲና 220 ሚሊ ግራም የሚያህል ፖታሲየም ይገኛል። ኮምጣጣው ስኳሩ ያነሰ፣ ቪታሚን ኤው ግን እጅግ የበለጠ ነው። ደግሞም ኮምጣጣው ሜላቶኒን የሚባለውን እንቅልፍን የሚያዝዘውን ንጥረ ነገር በጥቂቱ ይዟል፤ በ2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር 20 ጤነኛ ሰዎች ለ7 ቀን ጭማቂውን ቢጠጡ የእንቅልፋቸው ጊዜ ረዝሞ ተገኝቷል። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የለንደንን ማራቶን ከሮጡት መካከል 20 ሯጮች ተፈትነው፣ ጭማቂውን የጠጡት የጡንቻቸው ኃይል ቶሎ ተመልሶላቸዋል። የሯጮች አገር ለሆነችው ለኢትዮጵያ ይህ ነገር ጆሮ የሚያስጥል ነው። ሆኖም የተፈተኑት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ነገሩን በልክ መያዝ ይገባል።

ፍሬው መልካም ነው ማለትም ያለ ጥንቃቄ ይበላ ማለት አይደለም። የአሜሪካ 12ኛው ፕሬዚዳንት ዛካሪ ቴይለር በ1850 ዓ.ም. በነጻነት በዓላቸው ቀን በብርቱ ፀሐይ ውለው ብዙ ቼሪና ቀዝቃዛ ወተት ተመገቡ፤ ወዲያውም ሆዳቸውን ታመው በአምስተኛው ቀን ሞቱ። ሕዝቡ ብዙ ዘመን በቼሪው አመካኘ፤ ነገር ግን በዚያ ጊዜ በዋሺንግተን ከተማ የውኃውና የወተቱ ንጽሕና የጐደለ ስለ ነበረ ጥፋቱ ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ለማናቸውም ያልታጠበ ፍሬ የሚበላ ሰው ይህን ታሪክ ያስብ።

ወደ አገራችን ስንመለስ የቼሪን ዛፍ በደጋችን ብንተክለው ምን ይሆን ብለን አስበን ነበር። በጨንቻ ደጋ አፕል እንደሚለማ እናውቃለን፤ ቼሪ ግን ከላይ እንደ ተናገርነው ብዙ የብርድ ሰዓት የሚፈልግ ስለሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም። ዳሩ ግን ከቼሪ ዘመድ ፈጽሞ አልተለየንም። በደጋ ዱራችን የሚበቅለው ጥቍር እንጨት የምንለው ታላቅ ዛፍ የቼሪና የኮክ ወገን ነው፤ ፈረንጆችም የአፍሪካ ቼሪ ይሉታል። ፍሬው መራራ ስለሆነ ለማዕድ አይቀርብም፤ ከልጡ የሚወጣው ግን በአውሮፓ ለሸመገሉ ወንዶች የሽንት ችግር መድኃኒት ተብሎ ሲሸጥ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከዚህም የተነሣ በልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች ልጡ ያለ ልክ ስለ ተገፈፈ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ውል ቍጥጥር ሥር ውሏል። ስለዚህ ጥቍር እንጨትን ለጣውላና ለከሰል ብቻ የምናይ ሰዎች ደግመን ልናስብ ይገባናል። ቀዩ ቀለም ደግሞ የቼሪ ብቻ አይደለም፤ በየቍጥቋጦው ሥር ልጆች የሚለቅሙት እንጆሪም ከዚያው ወገን ቀለም አለው። ባሕር ማዶ ያለውን ስንመኝ በደጃችን ያለውን አንናቅ።

እንግዲህ ከዚህ ጉዞ ያገኘነውን ምክር ለቤት እመቤቶችና ለቤት ጌቶች በአጭሩ እናስቀምጣለን።

1ኛ፤ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት በሐኪም ቃል እንጂ በነጋዴ ቃል አይተውም።

2ኛ፤ ቼሪ ያገኘ ሰው በንጹሕ ውኃ አጥቦ አንድ እፍኝ ወይም ሁለት እፍኝ ይብላ፤ ጭማቂ ቢገዛ ስኳር ያልተጨመረበትን ይምረጥ።

3ኛ፤ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው መጠኑን ይጠብቅ፤ ኩላሊቱ የደከመም ፖታሲየም ስላለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

4ኛ፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ጠንካራው ፍሬ ነገር ተፈጭቶ ወይም ተሰብሮ ቢበላ መርዝ ይወጣዋልና ይጣል፤ ሕፃናትንም ጕሮሯቸውን እንዳያንቃቸው አውጥቶ መስጠት ይገባል።

5ኛ፤ ሪሕ ያለበት ሰው ሥጋውንና መጠጡን ቀንሶ ውኃ አብዝቶ ይጠጣ፤ ይህ ካልሆነ ፍሬው ብቻውን አያድነውም።

አጎታችን በአምስተኛው ቀን በእግራቸው ቆሙ። ከመነሣታችን በፊት ወደዚያ ተክል ተመልሰን ባለቤቱን ተሰናበትናቸው፤ እሳቸውም አንድ ቅርጫት ቼሪ አበረከቱልን። አጎታችን ቅርጫቱን ተቀብለው ከመመረቃቸው በፊት እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱና ክኒናቸውን አውጥተው ልጃቸው እያየች በውኃ ዋጡ፤ ከዚያ በኋላ ከፍሬው አንዱን አንሥተው በአፏ አጐረሷት። እርሷም ሳቀች።

አዲስ አበባ ከገባን በኋላ ልጃቸው በየማታው በስልክ ትጠይቃቸዋለች። እሳቸውም «ልጄ፣ ውጫለሁ» ይሏታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ጨዋታ የሚቀጥለው። ለአንባቢዎቻችንም ጤናውንና ጠያቂውን አብሮ ይስጥልን።